የተለጠጠው ሜትር

«መርፌ እንዳለው ከሰማች ደጁንም አትረግጠው። ፎቶ ነው በያት፣ በቃ።»

ይህን ለሚስቱ ያላት የእትዬ ኮሌታ ልጅ ነው። ያለውም በሹክሹክታ ነበር፤ ዳሩ ግን በኮምፔንሳቶ በተከፈለ ቤት ውስጥ ከጩኸት ይልቅ ሹክሹክታ አጥርቶ ይሰማል። ሰው ሲጮሁበት ይሸሻል፣ ሲንሾካሾኩበት ጆሮውን ያስጠጋል። እናቱ ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት የሥጋ ዘመድ ሆነላት።

«እኔ አልዋሻቸውም» አለች ምራቷ። «ዝም ማለት ግን እችላለሁ።»

«ያው አይደል እንዴ?»

«ያው አይደለም።»

ቀጥሎ የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሰፈሩ እትዬ ኮሌታ ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። እጅጌም፣ ኪስም፣ ገበርም አሳምረው የሚሠሩ ሌሎች ሞልተዋል፤ ኮሌታ ግን እንደ እሷ አንገት ላይ ልክክ የሚያደርግ የለም ስለተባለላት ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አንገት ታውቃለች። እንደ ጠርሙስ የረዘመው፣ ትከሻ ውስጥ የሰጠመው፣ የጌታውም የሎሌውም አንገት በእጇ አልፏል። ለኮሌታ ሲለካ ሜትሩ ተጠምጥሞ አንድ ጣት ከውስጥ ይገባል፤ ለመተንፈሻ ነው፤ ምራቷንም መጀመሪያ ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። የሰውን አንገት ስትለካ ኖራ ግን የራሷ ላይ ያበጠው ነገር መቼ እንደመጣ አታውቅም። አንድ ቀን ፊቷን ስትታጠብ ከጉሮሮዋ በስተቀኝ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ጣቷን ነካው። ለማንም ሳትናገር ለራሷ ኮሌታው ረዘም ያለ ሸሚዝ ሰፋች፣ ከላዩ ሻሽ ደረበችበት። ምን ያደርጋል፣ ነገሩ በዋጠች ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚል ነበርና ሻይ ስትጠጣ ልጇ አየባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብሎ እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰዳት። እዚያም አንገቷን ቀዝቃዛ ቅባት ለቅልቀው በመሣሪያ አዩትና ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ላይ የወጣ ነው አሉ። ከዚያ ያያት ሽማግሌ ሐኪም ልጇን ብቻውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ አነጋገረው። ለእሷ የደረሳት፣ «ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል» የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ኮሪደር ወዲህ ቤቱ ተለወጠባት። ጥርጣሬ እንደ ብል ነው፤ አንዴ ሳጥን ውስጥ ከገባ ያልነካው ጨርቅ አይገኝም። ስኳር ተወደደ እያለ ሲነጫነጭ የከረመ ልጅ ሻይዋን አጣፍጦ ማቅረብ ጀመረ። የጎደጎደው ትራሷ ሳትጠይቅ ተቀየረ። ምራቷ ደግሞ፣ «የሱቁን ቁልፍ እኔ ልያዘው እማማ፣ እርስዎ በጠዋት አይድከሙ» አለቻት። ይህችኛዋ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጣት አደረች። ሰው ሳይሞት ቁልፉ ይጠየቃል? ወይስ ሊሞት እንደሆነ ኮሪደር ላይ ተነግሯል?

ካልሲዋን ሳትጨርስ እጇን ከአዲሱ ትራስ ሥር ሰደደችና አንድ አሮጌ ሜትር አወጣች። ቢጫው የነጣ፣ ቁጥሩ ከፊሉ የተፋቀ የፕላስቲክ ሜትር ነው። መስኮቱ አጠገብ ካለችው መስታወት ፊት ቆማ አንገቷ ላይ ጠመጠመችና ሳብ አደረገችው። ያው ነው። እንዳለፈው ሳምንት፣ እንዳለፈው ወር።

«አላደገም» አለችው መስታወቱን። «ያላደገ ነገር ምን ይወጋል?»

ቁርስ ላይ ሦስቱም ስለ ዳቦው ብቻ አወሩ። ዳቦው አነሰ ተባለ፣ ዋጋው ግን አላነሰም ተባለ፤ ጋጋሪው ዱቄቱን በአየር እየነፋ ነው የሚሸጠው ተብሎ ተሳቀ። ልጇ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በሥራ ቀን ጫማው ሁልጊዜ በኖራ የነጣ ነው። ያን ዕለት ግን የክት ጫማውን ተጫምቶ ነበር። ጫማውን አየችው፤ እንዳየችው አየ፤ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች። ከጎኑ ዚፕና የሸሚዝ ቁልፍ ይሸጥበት የነበረው ሱቅ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። እትዬ ኮሌታ በዚያ ደጅ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ዚፕ ሻጩ ጨዋታ አዋቂ ጎረቤቷ ነበር። አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበት፣ በመርፌ ተወጋ፣ መንፈቅ አልሞላውም፤ ሞተ። አንዲት ልብስ አጣቢ ለቅሶው ላይ ቁጭ ብላ፣ «መርፌ ባይነካው ኖሮ ተኝቶ ይቀር ነበር፤ ቀሰቀሱትና በተኑት» ብላ የተናገረችው በሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ተሰክቶ ቀረ። በእትዬ ኮሌታም ጆሮ።

ረፋዱ ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር ጨርቅ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ሙሉ ልብስ ይሰፋላቸው። «ንጹሕ ሱፍ ነው» አሉ፤ ዋጋውንም ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩ። ጨርቁን በጣቶቿ መሃል አሸት አደረገች። ከዳሩ አንድ ክር መዘዘች፣ ክብሪት ጫረች፣ ክሩን ለኮሰችው። ሱፍ ቢሆን እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ አመድ ይሆን ነበር። ይሄኛው ግን ተኮማትሮ ቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ቀረ።

«ምን አደረግሽው?» አሉ መምህሩ ከወንበራቸው ተነስተው።

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ ነው የሸጡልዎት።»

«እኔ የምልሽ፣ ጨርቄን ለምን ነካሽው?»

«አንድ ክር ነው፤ እሱም ከዳር። ጨርቁ አይጎድልበትም። ሱፍ ነው ብዬ የጋለ ካውያ ባሳርፍበት እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀልጥልዎት ነበር። እኔ የማላውቀውን ጨርቅ መቀስም ካውያም አላስነካም።»

መምህሩ ግን አልተዋጠላቸውም። ጨርቁን ልትለውጥባቸው ሰበብ የፈለገች መሰላቸው። እስክሪብቶ አወጡና የጨርቁን ጥግ ፈረሙበት፤ ጥቂት አሰቡና ሌላውንም ጥግ ፈረሙበት። «አሁን ስፊው» አሉ። ሲወጡ ምራቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መኪናው ላይ ተደፋች። «አራቱንም ጥግ አለመፈረማቸው እማማ፣ ሁለቱን አምነውን ነው!» እትዬ ኮሌታ ሌላ ቀን ቢሆን አብራ ትስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን የምራቷን ጀርባ እያየች፣ ይህች ልጅ እንዲህ እየሳቀች ዝም ማለት ትችላለች ማለት ነው ብላ አሰበች።

ልጇ ከቀትር በኋላ ታክሲ በኮንትራት ይዞ መጣ። በእግር ሃያ ደቂቃ ለማትሞላ መንገድ ኮንትራት። ያውም የፊተኛውን ወንበር ለእሷ ከፈተላት። «ሰርግ ነው እንዴ?» አለችው። «ፀሐዩ ከርሮ ነው እማዬ» አለ። ፀሐይ አልነበረም። ምራቷ ከኋላ ተቀምጣ ደመናውን አየች፣ ባሏን አየች፣ መልሳ መስኮቱን አየች። እትዬ ኮሌታ በጎን መስታወቱ ሁሉንም ትከታተላለች። እሷም ብትሆን መርፌውን እንደሰማች አልተናገረችም። ሦስት ሰዎች አንድ ነገር እያወቁ፣ ሁለቱ እሷን አታውቅም ብለው፣ እሷም እንደማታውቅ ሆና፣ መንገዱን ሙሉ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አወሩ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰው ይናገራል። ከአጠገቧ የተቀመጡ ሴት ክንዳቸውን ታቅፈው፣ «እርስዎ ለምንድን ነው?» አሏት። «ለፎቶ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ልጇ እንዲሰማ። ሰምቷል፤ ጆሮው ቀላ። ስሟ ሲጠራ ሦስቱም ተነሱ።

ሐኪሟ ያ ሽማግሌ አልነበረም፤ ጥፍሯን አሳጥራ የቆረጠች ወጣት ናት። ሻሹን ራሷ ፈታችላት፤ በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አደረገች፤ ውሃ አስጎንጭታ ሲዋጥ አየችው። «እናቴ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? አስፕሪንም ቢሆን?»

«ደሜ ቢቀጥን ምን ልታደርጊ ነው?»

«መርፌው ሲገባ እንዳይደማብዎት ነዋ።» ሐኪሟ ቀና አለች። «ለምን እንደመጡ አልተነገረዎትም?»

ልጇ የክት ጫማውን ያያል።

«ተነግሮኛል» አለች እትዬ ኮሌታ። «በግድግዳ በኩል።»

ሐኪሟ ልታጠልቀው ያዘጋጀችውን ጓንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «እንግዲያው እንደ አዲስ እንጀምር» አለች። «አንገቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይነካዎትም፣ ልጅዎም ቢለምነኝ።»

«ዕውነቱን ንገሪኝ። ካንሰር ነው አይደል?»

«አላውቅም። እንዲህ ያለ እብጠት አብዛኛው ክፉ አይደለም። የእርስዎ ግን በመሣሪያው ሲታይ ጠርዙ አላማረንም፣ ስለዚህ ጠረጠርን። ጥርጣሬ ብቻ ነው። ለልጅዎ የተነገረውም ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ የለም።»

«መርፌው ይበትነዋል ይባላል።»

«ይባላል፤ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። በዚህ ቀጭን መርፌ እንዲያ የሆነ ነገር እጅግ ብርቅ ነው። የማስጠነቅቅዎት ሌላ አለ። ቦታው ይጠቁር ይሆናል፣ ጥቂት ያብጣል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሲውጡ ያምዎታል። አልፎ አልፎ ደም ይቋጥራል፤ ቁስሉ ማመርቀዝም አለ፣ ግን ከስንት አንዴ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ፣ የወሰድነው ናሙና አልበቃም ተብሎ እንደገና መምጣት አለ። መልሱም አንዳንዴ ‹አልለየለትም› ሊል ይችላል።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?»

«ደኅና ነው ከተባለ ቢላዋ አይነካዎትም፤ እየመጡ እናየዋለን፣ በቃ። ክፉ ከሆነ ደግሞ ምን እንደምንቆርጥ አውቀን ነው የምንገባው። ሳንወጋ ከተውነው ወይ በጭፍን እንቀድዳለን፣ ወይ በጭፍን እንጠብቃለን።»

ስለ ዚፕ ሻጩ ነገረቻት። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። «መርፌው ይሁን የገደላቸው፣ ወይስ ሲወጉ ነገሩ አልፎ ነበር፣ አላየኋቸውምና አላውቅም» አለች። «መቼ ነበር ወደ ሐኪም የሄዱት?» እትዬ ኮሌታ ትዝ አላት። ዚፕ ሻጩ ዓመት ሙሉ በፎጣ ሸፍኖ ነው የቆየው፤ ድምፁ ሻክሮ ጨዋታው መሰማት ሲያቅተው ነው የሄደው። ይህን ግን አልተናገረችም። ሻሿን አነሳችና መጠምጠም ጀመረች።

«የእኔው እንደሱ አይደለም። የእኔ አላደገም። አላደገም ስልሽ በግምት አይደለም፤ ሥራዬ ነው፣ እለካዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ጠዋት ያው ነው። ስለዚህ ልጄ፣ አመሰግናለሁ፣ ቤቴ ልሂድ።»

ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ምራቷ ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እማማ፣ የሚለኩት በየትኛው ሜትር ነው?»

እትዬ ኮሌታ እጇ ሻሹ ላይ ቀረ።

ነገሩን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቀውም። ያ ቢጫ ሜትር የሱቁ ሜትር ነበር። ፕላስቲኩ አርጅቶ፣ ሳብ ሲያደርጉት እሺ የሚል፣ በጎተቱት ቁጥር የሚለጠጥ ሆነ። የሰውን ወገብ አሳንሶ ያነባል። በእሱ የተለካ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ጠብቦ ሙሽራው ሰው ፊት መቀመጥ ስላቃተው፣ እትዬ ኮሌታ አፍራ ሜትሩን ለምራቷ ወረወረችላት፤ «ጣይልኝ፣ ዓይኔ አይየው» ብላ። ምራቷም ጣለችው። ከብጣሽ ጨርቁ ጆንያ መልሳ ያወጣችው ግን ራሷ እትዬ ኮሌታ ናት፤ አንገቷን በሱቁ አዲስ ሜትር ለክታ፣ ከወር በኋላ ደግማ ስትለካው ቁጥሩ የጨመረ ዕለት። በአሮጌው ስትለካው የመጀመሪያው ቁጥር ተመልሶ መጣላት። ከዚያ ወዲህ አዲሱን ሜትር ወደ አንገቷ አስጠግታው አታውቅም። ትራሱን የቀየረችው ምራቷ ግን አሮጌውን ከሥሩ አይታው ኖሯል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ልጇን ጠረጠረች፣ ሽማግሌውን ሐኪም ጠረጠረች፣ ሻይ ውስጥ ያለውን ስኳር ሳይቀር ጠረጠረች፤ ከትራሷ ሥር ያለውን ዋሾ ግን በየሳምንቱ እየሳበች ታምነው ነበር።

ምራቷ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልትጨምር ትችል ነበር፤ ባሏም ሐኪሟም እየጠበቁ ነበር። ዝም አለች። ያ ዝምታ ከጠዋቱ ዝምታ የተለየ ነበር፤ እትዬ ኮሌታ በሕይወቷ የለካችው ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል ልኳን የነገራት የለም።

«መርፌውን አሳዪኝ» አለች በመጨረሻ።

ሐኪሟ ከወረቀቱ ሳታወጣ አሳየቻት። እትዬ ኮሌታ ወደ ብርሃን አቅርባ ጫፉን መረመረች። የስፌት መኪናዋ ላይ ካለው ይቀጥናል። «ስንት ክር ነው የምትመዥው?»

«ክር?» ሐኪሟ ግራ ገባት።

ምራቷ ከበሩ አጠገብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «ስንት ጊዜ ነው የሚወጉኝ ማለታቸው ነው» አለች።

«ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ናሙናው እንዲበቃ።»

«አንድ ብትይኝ እጠረጥርሽ ነበር» አለች እትዬ ኮሌታ፤ ሻሹንም አውልቃ ለምራቷ ሰጠቻት።

ትከሻዋ ሥር ትራስ አድርገው አንገቷን ወደ ኋላ አዘነበሉት። ኮርኒሱ ላይ የውሃ ነጠብጣብ ያበላሸው ቦታ አለ፤ እሱን አየች። «አሁን አይዋጡ፣ አይናገሩ» አለቻት ሐኪሟ። ሰው ምራቁን አትዋጥ ሲባል አፉ ምንጭ ይሆናል። ንክሻው መጣ፤ ከንክሻው ይልቅ ውስጥ ውስጡን መጫኑ ነው የከፋው፤ ሰው በአውራ ጣቱ ጉሮሮዋን ተጭኖ የያዛት ያህል። ጣቷን ሲነክሳት የኖረው የራሷ መርፌ ከዚህ ብዙ ጊዜ ብሷል። ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስተኛው ላይ ልጇ እጇን ያዘ፤ መያዙን አልጠየቀም፤ እሷም አልከለከለችውም። ከዚያ ጥጥ ተጫነበትና ትንሽ ፕላስተር ተለጠፈ። ሐኪሟ ከመርፌው የወጣውን ቀይ ነገር ስስ መስታወት ላይ ቀብታ ለረዳቷ ሰጠች። «ሐሙስ መልሱ ይደርሳል» አለች። «ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ካተኮሰዎት ግን ሐሙስን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይምጡ።»

ሲመለሱ በእግር እንሂድ አለች። ልጇ የክት ጫማውን ተጫምቶ አቧራ ውስጥ ተከተላት። መንገድ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ፣ ፈርቼ ነው። ከነገርኩሽ የማትሄጂ መስሎኝ።»

«አልሄድም ነበር» አለችው። ጥቂት ተራምዳ ደግሞ፣ «ቢሆንም የእኔ እንቢታ የእኔ ነበር። ሐሙስ መልሱን የምሰማው እኔ ነኝ። አንተ ኮሪደር ላይ ትቆማለህ። እዚያ መቆም ለምደሃል።»

እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤት ስለ ምንም አላወሩም፤ ስለ ጉድጓዱም ቢሆን።

ማምሻውን፣ መብራት ሳይበራ፣ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምራቷን ጠራቻት። አሮጌው ሜትር በመቀስ ተቆራርጦ መሬት ላይ ወድቋል። ምራቷ ቁርጥራጩን አየች።

«የሱቁን ሜትር አምጪ።»

«እማማ፣ ዛሬ ተወግተዋል፣ ትንሽ አብጦ ይሆናል። ሌላ ቀን ቢሆንስ?»

«ያበጠውም ይቆጠር። አምጪ። ቁልፉም ካንቺ ጋር ይሁን፤ ጠዋት ቀድመሽ ክፈቺ።»

ምራቷ አመጣች። ፕላስተሩን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ሜትሩን ከኋላ አዞረችና ከፊት አገናኘችው። እትዬ ኮሌታ ዓይኗን ጨፈነች። በአንገቷና በሜትሩ መሃል አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማት፤ ለመተንፈሻ የሚገባው ጣት ነው፤ ራሷ ያስተማረቻት።

«ለኮሌታ አይደለም» አለቻት ቀስ ብላ። «ጣትሽን አውጪው።»

ምራቷ ጣቷን አወጣች፤ ቁጥሩንም እንዳለ ነገረቻት።